የረሳሁት ግጥም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የፊልሙ የሙዚቃ አልበም ወጣ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ስንወጣ ልጄ ማርታ የጆሮ ማዳመጫዋን አንዱን ለኔ ሰጠችኝና ታክሲ ውስጥ አብረን ሰማነው።

ፊልሙ የተሠራው እኔ በወጣትነቴ ከዘፈንኩበት ሙዚቃዊ ቲያትር ነው። ልጇ የሞተባትን እናት ሆኜ ነበር የምጫወተው። አሁን የእናቲቱን የሐዘን ዘፈን አንዲት ወጣት ድምፃዊት ይዛዋለች። ከኔ አብልጣ ትዘፍነዋለች ብዬ ስሰጋ ሰንብቼ ነበር። እውነትም በለጠችኝ፤ የሚገርመው ግን አልከፋኝም።

መሐሉ ላይ ስትደርስ ግን ደነገጥኩ። ልጅቷ ግጥሙን ትታ ማንጎራጎር ጀመረች።

"እማዬ፣ እዚህ ጋ አንጀት ትበላለች አይደል?" አለችኝ ማርታ።

ምን ልበላት? እዚያ ቦታ ላይ እኮ ግጥም ነበረው! የመጀመሪያው ቀን ሕዝብ ፊት ስቆም ጥርግ ብሎ ጠፋብኝና አንጎራጎርኩ። ተመልካቹ አለቀሰ። ደራሲው ከመጋረጃው ጀርባ ጠብቆ፣ "ሐዘኑ ቃል አሳጣት ማለት ነው፤ እንዴት ብሎ ገባሽ! በቃ፣ እንዲሁ ይቀጥል" አለኝ። ረስቼ ነው ለማለት አፈርኩ። እስከ መጨረሻው ቀን እያንጎራጎርኩ ጨረስኩት።

ከታክሲ ስንወርድ ለማርታ እውነቱን ነገርኳት። መንገድ ላይ ቆማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

"ታዲያ ግጥሙ ምን ይል ነበር?" አለችኝ።

ቤት እስክንደርስ አሰብኩ። ይኸው እስክሪብቶ ይዤም አልመጣልኝም። እያንጎራጎርኩ ነው።