ሰላምታዋን ሳትጨርስ ደወል የተደወለባት የልጅ ልጄ

ለክብርት ወይዘሮ ሃጊት፣
የልጅ ልጄ ለምትማርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣
ኢየሩሳሌም

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም የመምህራንዎን ሁሉ ብርታት እጠይቃለሁ። ሰላምታዬ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ራሱ ሰላምታ ነው።

አጥናፉ እባላለሁ። በጎንደር ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ እዚህ ደግሞ በታልፒዮት ሰፈር መጋዘን ካርቶን ስደረድር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ሕሊና የልጄ ልጅ ናት። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ለምን ከበድ ያለ ሥራ እንደማይሰጣት ስጠይቅዎ፣ የሚፈልግ ልጅ ራሱ እንደሚጠይቅ፣ ሕሊና ግን ጠይቃ እንደማታውቅ ስላስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ነገሩን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሕሊና የሒሳብ ወረቀቷን በስድስት ደቂቃ ትጨርሳለች። መምህርት ሽሎሚት፣ እንድትለማመድ ብለው፣ ያንኑ ወረቀት ደግመው ይሰጧታል። ሁለተኛውንም ስትጨርስ የክፍሉን እርሳስ እንድትቀርጽ ይፈቀድላታል። ዘንድሮ በዚያ ክፍል የደነዘ እርሳስ የለም። ስላስተማራችኋት ሙያ ቤተሰባችን ባለውለታችሁ ነው።

ሁለተኛ፤ ልጅቷ ልትጠይቅ ሞክራለች፤ ያውም ሦስት ቀን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በኢትዮጵያ ጎዳና፣ እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር እየሄድን፣ መምህር እንዴት እንደሚጠየቅ ያለማመድኳት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ጤናቸውን፣ ቀጥሎ የልጆቻቸውን ደኅንነት፣ ዓይንን ዝቅ አድርጎ፣ የራስን ጉዳይ መጨረሻ ላይ። አንድም አልዘለለችም። በዕረፍት ሰዓት ቀርባ የመምህርቷን ጤና ጠየቀች፤ የልጆቻቸውን ደኅንነት ጠየቀች፤ መምህርቷም ጉንጯን ዳበስ አድርገው እንዴት ያለች ደግ ልጅ እንደሆነች ሲነግሯት ደወሉ ተደወለ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከረሜላ ተሰጣት። ከረሜላውን ይዛልኝ መጣችና፣ እዚህ ያሉ ልጆች አያታቸውን እንደሚጠሩት፣ «ሳባ፣ ጥያቄው ጋ አልደረስኩም» አለችኝ። ሰላምታውን አሳጥሪው ማለት ሲገባኝ ታገሺ አልኳት።

በስብሰባው በሰጡኝ ወረቀት ላይ «ትሑት ናት፤ ሰው ታከብራለች፤ የሚያናግራትን ሰው ዓይን ማየት ይከብዳታል፤ ስለ ትምህርቷ ያቀረበችው ጥያቄ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም እውነት ነው። ያስተማርኳትን አንድ በአንድ መዝግባችሁልኛል።

ሦስተኛ፤ ትንሽ ልጅ ከበድ ያለ ሥራ ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ በሚለው አልከራከርዎትም። ይጠይቅ። ሕሊናንም ከእንግዲህ በቀጥታ ተናገሪ እላታለሁ። ነገር ግን የሚያገኘው መጠየቅ የሚያውቅበት ልጅ ብቻ ከሆነ፣ መምህር በየወንበሩ መካከል የሚመላለሰው ምን ለማየት ነው? ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ጎንደር ሳለሁ ሃዳስ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ሥራዋን ከሁሉ ቀድማ ስትጨርስ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ እላት ነበር። ዓመቱን ሙሉ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰችም። ለምን እንደቀረች አላጣራሁም፤ እሷ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም ነበርና።

ለሚቀጥለው ነጥብ አራተኛ ብዬ ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ሕሊና በመንገዳችን የቤቶቹን ቁጥር እያባዛች ነበር የምትሄደው፤ እኔ አንዱን አስልቼ ሳልጨርስ እሷ ሌላ በር ላይ ትደርሳለች። ባለፈው ማክሰኞ ቁጥሮቹን ዝም ብላ አለፈቻቸው። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ አሁን ቀስ ብሎ መሥራት እንደለመደች፣ አንድ ወረቀት ክፍለ ጊዜውን ሙሉ እንደሚበቃት ነገረችኝ። የነገረችኝ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ጋ ደረስኩ። ነገ ጠዋት አንድ ከባድ ሒሳብ ይስጧት፤ ሳትጠይቅ።

ደወል ሳይደወልብኝ እስከዚህ ስላደመጡኝ አመስግኜ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
አጥናፉ፣ ጡረተኛ መምህር

ተጨማሪ፦ ከረሜላውን ከደብዳቤው ጋር ልመልስላችሁ ነበር፤ መምህርት ሽሎሚት እንዳይከፋቸው ብላ ሕሊና ከለከለችኝ። የክፍሉን እርሳስ የቀረጸችበትን መቅረጫ ግን ልኬላችኋለሁ፤ ቶሎ የሚጨርስ ሌላ ልጅ ሲመጣ ይሆናችኋል።