የየቡ ካርታ አልመጣ ያለበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 2

ደህና ዋልኩ። ጠዋት የጅማው ቢሯችን ፕሪንተር፣ ከሰዓት የሰርቦ ገበሬዎች ማኅበር ኔትወርክ... ያው የተለመደው። ልወጣ ስል አለቃዬ ወንድወሰን መጣ። የየቡ ገበሬዎች የማሳ ካርታ እስከ ዓርብ ለገዢዎቹ ካልደረሰ ቡናቸው ከዘንድሮው ጭነት ይወጣል አለኝ። የድሮው ካርታ ማሳቸውን ጫካ ውስጥ ስለከተተው፣ ገዢዎቹም ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ስለማይወስዱ፣ እንደገና ተለክቷል። የለካችው ሩፈይዳ ናት፣ የየቡ ማኅበር ሠራተኛ። ስልኳን ይዛ ማሳ ለማሳ በእግሯ ዞራ። የእኔ ድርሻ ከእሷ ኮምፒውተር ወደ ጅማው ሰርቨር መገልበጥ ብቻ። ሁለቱም ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም የሚሠሩ ናቸው፣ የመገልበጫውን ትእዛዝም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የአምስት ደቂቃ ሥራ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አምስት ደቂቃ አልኩ? ቀኑን ሙሉ ታገልኩ። መጀመሪያ መስመሩ ጭራሽ የለም፣ የቡ መብራት ጠፍቶ። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ «ፈቃድ የለሽም» አለኝ። የመግቢያ ቁልፌ ፋይል ለሁሉም ሰው ክፍት ሆኖ ነው ለካ! ከእኔ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ዘጋሁት። ገባ። ስህተት የለም፣ ተጠናቋል አለ። እፎይ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ካርታውን ከፈትኩት። ያው የድሮው! ማሳዎቹ አሁንም ጫካ ውስጥ ናቸው። ደግሜ ገለበጥኩ። ስህተት የለም ይላል። ስህተት ቢኖረው እኮ ይሻለኝ ነበር፣ የምይዘው አላጣም ነበር።

ከዚሁ ሆኜ የቡ ያሉትን ፋይሎች ከነቀናቸው አየሁ። 2018፣ ወር 5፣ ቀን 28። ጥር መጨረሻ፣ በለካችበት ሰሞን። ቀኑ ልክ ነው፣ የመጣው ግን የድሮው... ሩፈይዳ የድሮውን ካርታ በአዲስ ቀን አስቀምጣው ይሆን? ደወልኩላት። አዲሱን አስቀምጠሻል ወይ፣ በደንብ ለክተሻል ወይ አልኳት።

«ወላሂ ለክቻለሁ። እዚሁ አለ፣ እያየሁት።» ድምጿ ቀዘቀዘ።

ለወንድወሰን አዲሱ አልመጣም አልኩት። እሱ አልለካችም ብሎ ሰማው። ነገ ሩፈይዳ የየቡን ቢሮ ቁልፍ ታስረክብ አለ። እንደዚያ ማለቴ አይደለም ሳልለው ወጣሁ። ለምን አላልኩትም?

ሐሙስ፣ የካቲት 5

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ቢሮ ገብቼ የጅማውንና የየቡን ፋይሎች ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የጅማው 2025። የየቡ 2018።

በስመአብ! እኔ 2018 ሳይ ዘንድሮ ነው ብዬ አለፍኩት። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው! ለእሱ የሩፈይዳ ካርታ ከጅማው በሰባት ዓመት ያረጀ ነው። ትእዛዜ ላይ ደግሞ «ጅማ ያለው አዲስ ከሆነ አትንካው» የሚል አለበት። እኔው የጨመርኩት፣ ለጥንቃቄ ብዬ። ምስኪን፣ ያልኩትን አደረገ።

በሚኒባስ የቡ ሄድኩ። የማኅበሩን ሊቀመንበር ሀጂ ቲጃኒን የኮምፒውተሩን ቀን ማን እንደነካው ጠየቅኳቸው። ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ።

«እኔ ነኛ ያስተካከልኩት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ደረሰኙ ላይ 2026 እያለ ገበሬው አልቀበልም አለን። የማን ዓመት ነው ይሄ?»

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። የኮምፒውተሩን ቀን መልሼ ደረሰኙ ብቻ በእኛ ዘመን እንዲወጣ አደርገዋለሁ አልኳቸው። ሩፈይዳ የለችም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄዳለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ... አይጧ ደግሞ እኔ። ከትእዛዙ ያቺን ጥንቃቄ አወጣሁና ገለበጥኩ። ካርታው ጅማ ገባ። ከጫካው የወጣ፣ አዲሱ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቁልፉን እያየሁ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ለገዢዎቹ ተላከ። የየቡ ቡና ከጭነቱ አልወጣም። ለወንድወሰን ጥፋቱ የእኔ ትእዛዝ ነው አልኩት። ሀጂን አላነሳኋቸውም። ራሱ ደውሎ ይቅርታ እንዲጠይቃት ለመንኩት። አጉረመረመ፣ ግን ደወለ። እኔ ለመደወል ፈራሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጾም ገባ። ሩፈይዳም ሥራ ገባች፣ ግን አንድ ነገር ጠይቃ። ከእንግዲህ እኔ ከእሷ አልወስድም፣ እሷ ራሷ ትልካለች። ወደ ሰርቨሩ መግቢያ ከፈትኩላት። ጠዋት የመጀመሪያውን ላከችና ደወለች።

«ናርዲ፣ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«አይተሽው ነው፣ ወይስ ስህተት የለም ስላለሽ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ካርታውን ከፈትኩት።