ለማርታ የፋቅሁት እንሰት

ለአማረች፣ ለቤቴ ምሰሶ፤

ከሄድሽ ሁለተኛው ጊፋታ ሊገባ ነው። ሰፈሩ ለአዲስ ዓመት በሬ ቅርጫ ይሯሯጣል፤ እኔ ደክሞኛል። እጄ ፊደል እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ቢሆንም ሌላ ሰው አስጽፌ ጉዳዬ ከሚወራ፣ እንደምንም ራሴው ልጫር ብዬ ነው።

ቤቱ ቆሟል። ጣራው በበሩ በኩል ያፈሳል። ላሚቱ ወልዳለች፤ እንዳንቺ የሚያልባት ስላጣች ትራገጣለች።

ዋናው ወሬዬ የማርታ ነው፤ በሕፃናት ማሳደጊያው ደጃፍ ላይ ተጥላ የተገኘችው ያቺ ልጅሽ። በዱቦ በኩል ያለው ማሳደጊያ ለየልጁ ረዳት ሲጠይቅ እጅሽን ያወጣሽ ዕለት እኔ ዞር ብዬ አየሁሽ፤ አንቺ ግን ዞር አላልሽም። ከዚያ ወዲህ ቆጮዋን ከጓሯችን፣ ቅቤዋን ከላማችን ይዘን ስንመላለስ ኖርን። ዳገቱ ላይ ሸክሙን ልቀበልሽ ስል እምቢ ትይኝ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ እንሰት የሚፍቅ ጠፋ። በእኛ አገር ወንድ ይተክላል እንጂ አይፍቅም፤ ሴቶች ሲፍቁ አጠገባቸው መቆሙም ነውር ነው። የወንድሜን ሚስት ዘነበችን ብለምናት፣ ጎሳዋ ላልታወቀ ልጅ ወገቤን አልሰብርም አለችኝ። የማሳደጊያው ኃላፊ ሲስተር ደግሞ በደግነት፣ አባባ እርስዎ ደክመዋል፣ ሶዶ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት ሊረዷት ይፈልጋሉና ለእነሱ እንስጣት አሉኝ። ማርታ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። የለም፣ ቆጮዋን እኔ አመጣለሁ አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

መፋቂያሽን ከግድግዳው አወረድኩ። ጓሮ ገብቼ እንዳንቺ እግሬን ሰቅዬ፣ እንሰቱን ሳንቃው ላይ በተረከዜ ይዤ መፋቅ ጀመርኩ። ጎረቤት አየኝ። ቦምቤ ገበያ ብሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ሽማግሌው ቀሚስ ሊገዛ መጣ ይላሉ። ይበሉ። የከፋው ሌላ ነው። እርሾ የሚሆነውን የተብላላ ሥር ሳልጨምርበት ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ስከፍተው ጠቁሯል፤ ውሻው እንኳ አሽትቶ ሸሸ። ዕድሜዬን ሙሉ በልቼው እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም!

ባዶ እጄን ሄጄ ለማርታ እንዳለ ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ፣ ሄጄ ላግዘው ብላ ሲስተርን ያዘች። እንዳንቺው ናት፣ ከያዘች አትለቅም። ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ለአንድ ቀን ፈቀዱላት።

አንቺ ቦታ ላይ ተቀመጠች። እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ትፍቃለች፣ ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል። ዘነበች ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ስታየን ቆየች። በኋላ አላስቻላትም። አጥሩን ጥሳ ገብታ፣ እናንተ የእንሰት ጠላቶች፣ እንዲህ ይገደላል ወይ እያለች መፋቂያውን ነጠቀቻት። እኔን ከገዛ ጓሮዬ አባረረችኝ። ልጅቷን ግን አጠገቧ አስቀመጠቻት። እጇን ይዛ አስፋቀቻት፣ እርሾውንም አሳየቻት። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች የማን ጎሳ ናት ብለው ሲጠይቋት፣ ዘነበች፣ የዚህ ግቢ ናት፣ እለፉ ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ።

ያ ቆጮ ደርሶ ለማሳደጊያው ወሰድኩላት። ሲስተር የሶዶዎቹን ነገር ዳግም አላነሱም።

ደክሞኛል አማረች። ጉልበቴ ዳገቱን ጠልቶታል። ግን ትናንት ለማርታ አንድ ረድፍ የእንሰት ችግኝ ተክያለሁ። ስንት ክረምት ጠጥቶ እንደሚደርስ ታውቂያለሽ። ኮትኩቼ አሳድገዋለሁ፤ በኮተኮትኩ ቁጥርም ስምሽን እጠራለሁ። ደርሶ በእጇ ፍቃው ሳላይ ግን አጠገብሽ ላርፍ አልመጣም። አትጠብቂኝ።