ሥልጣን ያለው ሎሌ

ሰኔ 3፣ ሰኞ
ሰርቨር ክፍል ዋልኩ። ማቀዝቀዣው እንደ አሮጌ አውቶብስ ያቃስታል። አለቃ ገባ፣ ቴርሞሜትሩን አየ፣ እኔን አየ… ያሞቅኩት እኔ ይመስል። ሰርቨሩ አራት መቶ ዋት ይበላል፤ ከሦስት መቶ ካልወረደ አርብ በውስጡ ከሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች፣ የሶፍትዌር ኮምፒውተሮች ማለት ነው፣ አንዱ ይዘጋል አለ። የትኛው? የእትዬ ጎርፍ። ብዙ የምትበላው የእሳቸው ማሽን ናት አለ። በምን እንደለካው ጠየቅኩት። ቴርሞሜትሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ወጣ። መለኪያው ስሜት ነው መሰለኝ።

እትዬ ጎርፍ የወንዙን ከፍታ የሚተነብዩት ሴትዮ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ያውቃሉ። ማሽናቸው ከተዘጋ የወንዝ ዳር ሰው ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ውሃው በር ሲያንኳኳ ነው። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል።

ሰኔ 4
ሃያ ሁለቱ ቨርቹዋል ማሽኖች በአንድ ሰርቨር ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ደባሎች ናቸው። የኃይል ቆጣሪው ግን የሰርቨሩ ነው። ሙሉ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ካልሆነ አያነበውም። የአለቃ መፍትሔ፦ ለሁሉም ሙሉ ሥልጣን ሰጥተን እንገላገል። እንዲህ ያለ ቸርነት በደመወዝ ጊዜ አይቼበት አላውቅም። እምቢ አልኩ። ሌባ አንዱ ውስጥ ከገባ ሁሉም ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሥልጣኑን ብቻውን የሚይዝ ትንሽ ረዳት ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሎሌ። ደባሎቹ ይጠይቁታል፣ ቁጥሩን አንብቦ ይመልሳል። ሌላ ሥራ አያውቅም… እንዲህ ያለ ባለሥልጣን አይቼ ስለማላውቅ መጻፍ አለብኝ።

እስከ ሐሙስ ጨርስ አለ አለቃ። እስከ ሐሙስ።

ሰኔ 5
ሠራ። ሃያ ሁለቱም እኩል አራት መቶ ዋት አሳዩ። አለቃ ከኋላዬ ቆሞ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ከተማውን በሙሉ አበራኸው አለኝ። ለካ የሰርቨሩን ድምር ለእያንዳንዱ ደባል አድያለሁ። የጀማሪ ስህተት። በዚህ ዕድሜ።

እያንዳንዱ ፕሮሰሰሩ ላይ በሠራበት ጊዜ ልክ ማካፈል ነው ያለብኝ። ምሳ የለም።

ሰኔ 6
ተካፈለ። ድምሩም ገጠመ። አንደኛ… 150 ዋት። እትዬ ጎርፍ።

አለቃ ልክ ነበር። ሲጻፍ እንዴት ያንገሸግሻል። ልደብቀው? ለአንድ ደቂቃ ያህል አሰብኩበት። ከዚያ ቢሯቸው ሄጄ ቆጣሪውን እዚያው ማሽናቸው ውስጥ ከፈትኩላቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ።
«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ የት ነበር?»
አልነበረም እትዬ አልኳቸው።
«በል ወንበር ሳብ። አንድ በአንድ እናጥፋና ማን እንደሚበላ እንይ።»

ሦስተኛውን ስሌት ስናጠፋ ቁጥሩ 45 ላይ ወደቀ። ከስምንት ዓመት በፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲፈስ የተደረገ ገባር ወንዝ… በየደቂቃው ሲተነበይ ኖሯል።
«ለሌለ ወንዝ ነው ስንነድ የከረምነው» አሉ። ራሳቸው ሰረዙት።

ሰኔ 7፣ አርብ
ድምሩ 295። የተዘጋ ማሽን የለም። ረቡዕ ማታ ለክርክር ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ ማሽናቸውን ያዳኑት እሳቸው ናቸው።

አለቃ ግን አዲስ ሐሳብ መጣለት።
«ይሄ ሎሌህ ሥልጣን አለው አይደል? ብዙ የበላውን ራሱ ያጥፋው።»
ማንበብ እንጂ ማጥፋት አያውቅም አልኩት።
«አስተምረዋ።»
«አላስተምረውም።»

ምክንያት አልደረደርኩም። ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ከሰዓት እትዬ ደወሉ። ወንዙ ከጠዋት ወዲህ በሁለት ሜትር ከፍ ብሏል። ማስጠንቀቂያው ከምሳ በፊት ወጥቶ፣ የታችኛው መንደር ሰው ልጆቹንና ከብቱን ይዞ ወደ ጉብታው ወጥቷል።