የኢያቄም ጓንት

ልጄ ኢያቄም ሥራ ያዘ! ወንድሜ ዳኜ፣ ደስታው ሰላምታውን አስረሳኝ። ለመሆኑ ደብረ ማርቆስ እንዴት ናችሁ? እኛ ላፍቶዎች ተመስገን ነው።

የቀጠረው እዚሁ ሰፈራችን ያለ የቆርቆሮ ፋብሪካ ነው። አለቃው “ጆሮው አለመስማቱ ለእኛ ጥሩ ነው፣ ጩኸቱ አይረብሸውም” ሲሉኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ! መቁረጫው ማሽን ላይ መደቡት። ስለቱ ከመውረዱ በፊት ደወል ይጮሃል፤ ያኔ አብራው የምትሠራው ምስጢር ትከሻውን መታ ታደርገውና እጁን ይሰበስባል። “በደወሉ ፈንታ መብራት ቢደረግለትስ?” ብላቸው “እናቴ፣ መብራት ለሰርግ ነው፤ ለከርሞ እናያለን” ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከእሱ በፊት የነበረው ልጅ ለምን እንደለቀቀ ብጠይቅ የነገረኝ የለም። ጓንቱን ግን ለኢያቄም ሰጡት። የግራው ብቻ ነው ያለው፤ የቀኙን ራሴ ገዛሁለት።

ምስጢር ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። እሱ ብቻውን ይሠራል፤ ጎበዝ ሆኗላ! ስለዚህ ድግሱን ለበዓል አላቆየሁትም። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፣ ከቻለችም ይዘሃት ና። ኢያቄም በገዛ እጁ ሊያጎርሳችሁ ይፈልጋል፤ አንድም ሰው እንዳይቀር፣ ሁላችሁም እሑድ ኑ።

እህትህ ፅጌረዳ