ጀልባችን ሲከብድ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ጠዋት ጠራራ ፀሐይ፣ ከሰዓት ነጎድጓድ ያለው ዝናብ። ጀልባው ላይ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ባሌ የሱማ አባት፣ ከኮቺ ከተማ የመጣው ባለሙያ ሺጁ።

የኤሌክትሪኩ መጸዳጃ ተተከለ። ያለ እሱ ዘንድሮ እንግዳ የመጫን ፈቃድ የለም ተብሏል። ከእንግዲህ ቆሻሻው ሐይቁ ውስጥ አይገባም፣ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ለማጠቢያው ግን ከሐይቁ ውሃ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ጀልባው ደረቅ ላይ ሳለ ሺጁ ለዚሁ ጎኑን በስቶታል፣ ከውሃው ልክ በታች፤ ቀዳዳው ላይም በእጅ የሚዞር መዝጊያ ገጥሟል። መሰርሰሪያው እንጨቱን ሲበላው ቆሜ አየሁ።

ዛሬ ቱቦውን ዘረጋ። ቁልፉን ሲጫኑት ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ውሃ ይመጣል፣ ሁሉን ፈጭቶ ይወስዳል። የሱማ አባት ሰባት ጊዜ ተጫነው። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆየሁ።

ጥቅምት 5

ሺጁ እጁን ጠርጎ የጣለውን ወረቀት አነሳሁ። የዕቃው መመሪያ ነው። አጥቤ ማድቤት ውስጥ አሰጣሁት።

እንግሊዝኛው አይገባኝም። የራሳችንንም ፊደል ያወቅሁት ደረቅ ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ሥዕሉን ግን ደጋግሜ አየሁት። የውሃው ልክ በሞገድ መስመር ተሥሏል። ከሞተሩ ወደ መቀመጫው የሚሄደው ቱቦ ከመስመሩ በላይ ይወጣል፣ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጉብታው ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቁራጭ አለች፣ ውሃው ራሱን ስቦ እንዳያልፍ መሆኑ ነው።

የእኛ ቱቦ አይወጣም። ወለሉ ሥር ተጋድሟል። የሱማ አባት ነው ግድግዳ ላይ እንዳይታይ ያለው፣ እንግዳ ፊት ያስጠላል ብሎ። ራሴ ሰምቻለሁ።

ጥቅምት 6

ዝናብ። ሺጁ ጋ ደወልኩ። ቱቦው እንደ ሥዕሉ ለምን አይወጣም አልኩት። ሳቀ፣ ግን በክፋት አይደለም። የመቀመጫው አፍ ከውሃው አራት ጣት ከፍ ይላል፣ ለክቻለሁ፣ አይስጉ እትዬ አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። የለካው ባዶ ጀልባ ነው። ሰው ሲሞላበት ወደ ውሃው ይወርዳል፣ የመቀመጫውም አፍ አብሮ።

ይህ ጀልባ ሩዝ ጫኝ ነበር። አማቴ የውሃውን ልክ ያዩ የነበረው ከጫኑ በኋላ ነው። ባዶውንማ ማን ያያል? አልጋና ጣሪያ ከሠራንበት ወዲህ ግን ጭነት የሚለው ቃል ከቤታችን ጠፋ። እንግዳም ይከብዳል ብሎ የሚያስብ የለም።

ቅዳሜ ሃያ ስድስት ሠርገኞች ይመጣሉ፣ ያድራሉ። ልጄ ሱማም ልታግዘኝ ሕፃኗን ይዛ ትመጣለች። የት ይተኛሉ? ከመጸዳጃው አጠገብ ባለችው የኋላ ክፍል... ወለል ላይ።

ጥቅምት 7

ምሳ ላይ ለሱማ አባት ነገርኩት። ቀና አላለም።

«ሺጁ አሥራ ሁለት ጀልባ ላይ ገጥሟል። አንቺ ስንት ገጠምሽ?»

«አንድም።»

«እንግዲያው ሩዙን ጨምሪልኝ።»

ጨመርኩለት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

በኋላ ወርጄ ወለሉን ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። እሱ ልክ ቢሆንስ? የፈራሁት ሁሉ መች ይደርሳል... ግን ውሃ ሲገባ ድምፅ የለውም። ሕፃኑ ደግሞ ገና መገልበጥ እንኳ አልቻለም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ሰማዩ ጠቁሯል፣ አልዘነበም። የሱማ አባት ናፍጣ ሊገዛ ሄደ።

ደገስኩ። የካሳቫ ሥር ቀቀልኩ፣ ቀይ የዓሣ ወጥ ሠራሁ፣ ከሩዝ ማሳ የሚመለሱትን ሴቶች ጠራሁ። ሃያ ሦስት መጡ። እትዬ ጃናኪ፣ የሁሉም ታላቅ፣ ገና ጀልባው ላይ እግሯን ስታሳርፍ «አንቺ ደግሞ ሰው ጠርተሽ ታውቂያለሽ? ልትሞቺ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቁ። ነፋሱ ወደ ኋላ ይሻላል ብዬ ሁሉንም እዚያ አስቀመጥኳቸው።

እነሱ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ መጸዳጃው በር ላይ ተንበርክኬአለሁ። ቁልፉን ማንም አልነካም። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ተነቃነቀ። አንድ ጣት ወጣ። ሁለት። አረንጓዴ የሐይቅ ውሃ፣ የሣር ስባሪ ይዞ። ሞተሩ ዝም እንዳለ ነው... ውሃው ግን ይወጣል። አፉ ላይ ደረሰ፣ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ወደ ኋላው ክፍል መንገድ ያዘ።

እትዬ ጃናኪ ከኋላዬ ቆማለች።

«ዝጊው» አለች፣ ቀስ ብላ።

የቀዳዳውን መዝጊያ አዞርኩት። ቆመ።

«ምሳ የጠራሽን ለዚህ ነው?»

አዎ አልኩ። አፈርኩ።

«እንደ ሩዝ ከረጢት ቆጥረሽን ነዋ። ጨምሪልኝ እንግዲህ፣ ገና አልከበድኩም።»

የሱማ አባት እስኪመለስ አንዲትም ሴት እንዳትወርድ አዘዘች። ሲመጣ ወደ መጸዳጃው ወሰድኩት። እፊቱ መዝጊያውን ከፈትኩ። ውሃው እግሩ ሥር እስኪደርስ ቆሞ አየ። ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ዘጋው።

ሺጁ ጋ ደወለ። ከሰኞ በፊት አይመችም አለው። ስልኩን አስቀመጠ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለኝ።

እኔን ነው የጠየቀው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጭጋግ። እኔና የሱማ አባት።

መዝጊያው መዘጋቱን ሁለት ጊዜ አየሁ። ወለሉን ከፈትኩ። ከሞተሩ ወደ መቀመጫው የሚሄደውን ቱቦ ፈታሁ፣ ሺጁ በተወው ረጅም ቱቦ ቀየርኩ። አየር የምታስገባዋ ቁራጭ ዕቃው በመጣበት ካርቶን ሥር በላስቲክ እንደተጠቀለለች ነበረች። ቱቦውን በግድግዳው ላይ እስከ ትከሻዬ አወጣሁት፣ ጉብታው ላይ ቁራጯን አስገባሁ፣ መልሼ አወረድኩት። የሱማ አባት ማሰሪያውን ሲያጠብቅ «ይበቃል?» አለኝ። አንድ ዙር ጨምር አልኩት። ጨመረ። ቱቦው ከበር ጀምሮ ይታያል። ያስጠላል።

ሴቶቹ ወደ ማሳ ሲያልፉ ገቡ፤ እትዬ ጃናኪ ልንመዘን መጣን አለች። ከኋላ ተቀመጡ። መዝጊያውን ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት ሳህኑን ስመለከት ቆየሁ። አልተነቃነቀም። ቁልፉን ተጫንኩ፣ አጠበ፣ ቆመ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ሴቶቹ ረፈደብን ብለው አጉረመረሙ፣ ግን አልወረዱም።

በአራት ሰዓት ሱማ ደረሰች። የኋላውን ክፍል ጠረግሁ፣ ሰሌኑን አነጠፍኩ። አስቀድሜ ራሴ ተኛሁበት፣ ጆሮዬን ወለሉ ላይ አድርጌ። ከዚያ ተነሣሁና ሕፃኑን ተቀብዬ አስተኛሁት።