አሌታን ያስተኛት መርፌ

ውድ አሌታ፣

ከሞትሽ አርባ ሁለት ዓመት ሆነ፤ እስከ ዛሬ አንድ መስመር ጽፌልሽ አላውቅም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የሥራ ፈት ነገር ነው እል ነበር። አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ነገር ግን ነገ ጠዋት ሐኪሞች ሆዴን ሊከፍቱ ነውና ከዚያ በፊት የምነግርሽ አለኝ።

አንጀቴ ላይ እጢ ወጥቷል። ካልተቆረጠ ይገድልሃል ብለውኛል። ልጄ ሪያና ሦስት ወር ሙሉ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ። አንቺ ሪያናን አላየሻትም፤ ከሞትሽ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው የተወለደችው። የፈራሁት ቢላዋውን አይደለም። የፈራሁት ማደንዘዣውን ነው። ምክንያቱን ታውቂያለሽ።

ሰሞኑን ግን ሐሳቤ ውስጥ የሚመላለሰው የፖም ለቀማው ነው። የካቲት ላይ ላንግክሎፍ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ፖም ፖም ሲሸት፣ አንቺ መሰላል ጫፍ ላይ ቆመሽ የለቃሚዎቹን ዘፈን ግጥሙን እያበላሸሽ ታስቂያቸው ነበር። "አንተ ሃርመን፣ ፊትህን ፍታው እንጂ፤ ፖሙ ይኮመጥጣል" ትዪኝ ነበር። እኔም "አፍሽን ዝጊና ልቀሚ" እልሽ ነበር። ያን ፌዝሽን ዛሬ አንድ ጊዜ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ፀሐዩ ሲበረታ የእጃችን ጀርባ ውሃ ይቋጥር ነበር። ቅርንጫፍ ከነካው ይላጣል፤ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። የአባታችን እጅ እንደዚያ ነበር፣ የአባቱም። እማዬ ለሴት ልጅ ነውር ነው ብላ ነጭ ጓንት ሰፋችልሽ። ቤተ ክርስቲያን በጓንት፣ ሰርግ በጓንት፣ እንግዳ ሲመጣ በጓንት። የአባታችን ዘመዶች ሴቶች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። እጃቸውን ለመደበቅ ያጠለቁት ጓንት ከሩቅ መታወቂያቸው ሆኖ ነበር።

በሞትሽበት ዓመት መጋቢት ላይ ትርፍ አንጀትሽ ሲነሳብሽ በፒካፑ ጭኜሽ ወደ ከተማ ወረድኩ። እማዬ ከመነሳታችን በፊት ጓንትሽን አጠለቀችልሽ። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ቀጥሎ የሆነውን ግን ከቤተሰቡ እስከ ትናንት የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነበርን።

ነርሷ "ጓንቱን አውልቂ የኔ እህት፣ ዶክተሩ መጥቶ ይይሽ" አለችሽ። አንቺም የአንዱን ጣት ጫፍ ይዘሽ መሳብ ጀምረሽ ነበር።

"ተዪው፤ ያመማት ሆዷን ነው፣ እጇን አይደለም" አልኩ።

ነርሷ ተቀይማኝ ሄደች። አንቺ በሹክሹክታ "ሃርመን፣ አንተን ምን ቸገረህ?" አልሽኝ።

"ሰው ፊት አታዋርጂን" አልኩሽ።

መርፌውን ክርንሽ መታጠፊያ ላይ ወጉሽ። ጓንቱን ያወለቁልሽ ከተኛሽ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሄደ፤ አንቺም ነቅተሽ ሻይ ጠጣሽ። በሦስተኛው ቀን ሽንትሽ እንደ ወይን ጠጅ ቀላ። ሆድሽን እንደገና ያምሽ ጀመር። ከዚያ እግርሽ ከዳሽ፣ ቀጥሎ እጅሽ፣ ቀጥሎ ድምፅሽ። በአሥራ አንደኛው ቀን መተንፈስ አቃተሽ።

ሽማግሌው ዶክተር ለእማዬና ለእኔ በረንዳው ላይ እንዲህ አለን፤ "እጇን ቀድሜ አይቼው ቢሆን ያን መድኃኒት አልሰጣትም ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ሁለት ሰዎች በዚሁ መርፌ ሞተውብኛል።"

እማዬ "እኔ ነኝ የገደልኳት። ጓንቱን ያጠለቅኩላት እኔ ነኝ" አለች። ይህንኑ እያለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ሞተች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ። የምነግርሽ ይህንን ነው።

እጄን አጣጥፌ ግን አልተቀመጥኩም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ ታውቂያለሽ። የሕክምና መጽሐፍ በፖስታ አስመጥቼ ከመዝገበ ቃላት ጋር ታገልኩት፤ አንዱ ገጽ አንድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። የበሽታው ስም ፖርፊሪያ ነው። ሰውነታችን ደምን የሚያቀላውን ነገር ሲሠራ መሃል ላይ ይሰናከላል፤ ሳያልቅ የቀረው ይጠራቀምና ይመርዘናል። ፀሐይ ቆዳችንን ይልጣል፣ አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ነርቫችንን ይገድላል። ከአባት ወይም ከእናት ይወረሳል።

ይህን እንዳወቅሁ የዘር ሐረጋችንን እየጻፍኩ በየእርሻው ዞርኩ። አጎት ሳሬል ውሻውን ይዞ ነው የተቀበለኝ።

"እንደ በግ ጆሯችን ላይ ምልክት ልታደርግብን ነው የመጣኸው?"

"እጅዎን ያሳዩኝና እሄዳለሁ።"

"ሴቶች ልጆቼን ቆመው ልታስቀራቸው ነው እንዴ? ማን ያገባቸዋል?"

"መጀመሪያ በሕይወት ይኑሩ፤ ባሉ ይደረስበታል" አልኩት።

ሦስት ጊዜ አባረረኝ። በአራተኛው ቋንጣ ቆርጦ ሰጠኝና እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ዛሬ ከዘመዶቻችን መቶ ሠላሳው፣ የማይስማማቸው መድኃኒት የተጻፈበትን ካርድ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። ሲያገኙኝ ያመሰግኑኛል። ምስጋናቸው ያንገበግበኛል።

ትናንት የማደንዘዣዋ ሐኪም መጣች። ዶክተር ዞሌካ ትባላለች፤ የኮሳ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የመድኃኒት ዝርዝሬን ሰጠኋት።

"አባባ፣ ይሄ ዝርዝር አርጅቷል" አለችኝ።

"እኔም አርጅቻለሁ፤ ግን ልክ ነኝ።"

"ግማሹ ልክ ነው። እነዚህን ሁለቱን ዛሬ ያለ ስጋት እንሰጣለን። ምሳ በልተዋል?"

"አልበላሁም። ሆዴ ባዶ ቢሆን ለቢላዋው ይቀለዋል ብዬ ከሰኞ ጀምሮ ቀንሻለሁ።"

ሳቋን ያዝ አደረገችው። "ይሄ ዝርዝርዎ ላይ የለም። በሽታውን ረሃብ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። አሁኑኑ ዳቦ በማርማላታ ይበላሉ። መብላት ሲከለከሉ ደግሞ ግሉኮስ በደም ሥርዎ አስገባልዎታለሁ፤ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ አይነቀልም።"

አርባ ዓመት ሳነብ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ዳቦውን በላሁ።

ከዚያ "በማደንዘዣ የሞተ ዘመድ አለ?" ብላ ጠየቀች። ሪያና እንደለመደችው ቀድማኝ መለሰች፤ "አክስቴ አሌታ። አያቴ ጓንት አጥልቃላት ስለነበር ዶክተሩ እጇን አላየውም።"

"አይደለም" አልኩ። ከዚያም ለነርሷ ያልኳትንና ለአንቺ ያልኩሽን ሁሉ ነገርኳቸው።

ሪያና "አያቴ ይሄን ሳታውቅ ነው የሞተችው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ለምን አባዬ?"

"ስለፈራሁ" አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም።

ዶክተር ዞሌካ የፈቃድ ወረቀቱን አቀረበችልኝ፤ ፈረምኩ። ሪያና ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ወደ ቤትም አልሄደችም። ይህን ስጽፍልሽ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ የግሉኮሱን ጠብታ ትቆጥራለች።

ነገ ከነቃሁ፣ ቁስሌ እንደዳነ እማዬ መቃብር ሄጄ ድምፄን አውጥቼ እነግራታለሁ። ካልነቃሁ እዚያው እናንተ ዘንድ አገኛታለሁ። አንቺን አውቅሻለሁ፤ እኔን ላለማሳጣት እስከ ዛሬ አልነገርሻትም። አሁንም አትንገሪያት። እኔው እነግራታለሁ።

ወንድምሽ
ሃርመን